ወንበሩ ይፈቀድ፣ ድንኳኑ ይከልከል

የሰውን ቤት ጣሪያ ከሩቅ ሆኖ መገምገም የማይችል የለም፤ የራሱ ጣሪያ ማፍሰሱን የሚያውቀው ግን ክረምት ሲገባ ነው። እኛ የሰሚት ነዋሪዎች የአሜሪካን መንግሥት የምናውቀው በዚህ ዓይነት ነው። ጠዋት ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ የምታውቁ እንደሆነ ታዝባችኋል፤ የትኛው ክፍለ ግዛት ወደየትኛው ፓርቲ እንዳዘነበለ፣ በሴኔቱ ውስጥ ስንት ድምፅ እንደሚጎድል፣ ከረዳቱ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ የማይተነትን ሰው የለም። የምንኖርበት ሕንጻ የውኃ ታንከር ቁልፍ በማን ኪስ ውስጥ እንዳለ ጠይቁን፤ ሁላችንም ፊታችንን ወደ መስኮቱ እናዞራለን።

ዕውቀታችን ደግሞ በአንድ ሰው ላይ ያልቃል፤ በፕሬዚዳንቱ ላይ። በቅርቡ ከጎኔ የተቀመጠ ከረባት ያሰረ ሰው አንድ የክፍለ ግዛት ገዥ ለፕሬዚዳንቱ አልታዘዝም ማለቱን ስልኩ ላይ አንብቦ ቱግ አለ። «ይኼ ንቀት ነው! ለምን አያባርረውም?» ሊያባርረው እንደማይችል ነገርሁት፤ ገዥውን የመረጠው የክፍለ ግዛቱ ሕዝብ ነውና። «ታዲያ ምኑን ፕሬዚዳንት ሆነ?» ብሎ በሐዘኔታ አየኝ። ሐዘኔታው ለፕሬዚዳንቱ ይሁን ለእኔ ሳይገባኝ መውረጃዬ ደረሰ።

አሜሪካኖች መንግሥታቸውን ያቆሙት ገና ምንም ሳይሰረቅበት በሩን በሦስት ቁልፍ እንደሚቆልፍ ተጠራጣሪ ሰው ነው። ሕግ የሚያወጣውን ምክር ቤት ለብቻው አቆሙት፤ እሱንም አላመኑትም፣ ለሁለት ከፈሉት። ሕጉን የሚያስፈጽመውን ፕሬዚዳንት ለብቻው አቆሙት፤ ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ አልፈርምም የማለት መብት ሰጡት፤ መልሰው ደግሞ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከተስማሙ እምቢታው እንዲሻር አደረጉ። ዳኞችን ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል፤ አንዴ ከተቀመጡ በኋላ ግን ፍርዳቸው ስላልጣመው ብቻ ማንም ሊያነሣቸው አይችልም። ይህ ሁሉ አልበቃቸውም። ሥልጣንን ወደ ጎን እንደ ከፈሉት ወደ ታችም ከፈሉት፤ ከማዕከሉ በታች እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ ገዥ፣ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ ፍርድ ቤት አለው፤ ከእርሱም በታች ከንቲባና የከተማ ምክር ቤት አለ። ነገሩ ሁሉ «ማንም ይሁን ማን፣ ብቻውን አይተው» የሚል ነው። እኔ ይህን አሳብ በወጣትነቴ መጽሐፍ ውስጥ ካገኘሁት ጀምሮ ወድጄው ኖሬአለሁ። በሥራ ላይ ልሞክረው የምችልበት አገር ግን አልነበረኝም።

እድር ነበረኝ።

የእድራችን ሊቀ መንበር፣ እንደ አገሩ ልማድ «ዳኛ» የሚባሉት፣ ጋሽ ታደሰ ናቸው። በአንድ መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ቁልፍ የሚወዱ፣ በለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱና ከሁሉ በኋላ የሚሄዱ ሰው ናቸው። እድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ደንብ ያወጣሉ፣ ያወጡትን ያስፈጽማሉ፣ ባስፈጸሙት ላይ ቅሬታ ሲመጣም ራሳቸው ሰምተው ራሳቸው ይፈርዳሉ። ሦስቱንም በቅንነት ይሠሩት እንደነበር አልክድም። ቅን ሰው ላይ ደንብ ማርቀቅ ደግሞ ከክፉ ሰው ላይ ይልቅ ይከብዳል፤ ሰው ሁሉ «ምን አጠፉ?» ይላችኋልና።

የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። አባላቱ በዝተው፣ ገሚሱም ወደ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ተዛውሮ ነገሩ አልጨበጥ ሲል አዲስ መተዳደሪያ ደንብ እንዳረቅቅ ታዘዝሁ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ደንብ የሚያወጣው የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ፣ የሚያስፈጽመው ዳኛው፣ የሚተረጉመውና የሚፈርደው የሦስት ሽማግሌዎች ጉባኤ እንዲሆን ጻፍሁ። ቀጥዬም እድሩን በምድብ ከፈልሁት፤ የሰሚት ምድብና የአራብሳ ምድብ የየራሳቸው ሰብሳቢ ይኑራቸው፣ ወንበርና ድስት በየምድቡ ይቀመጥ፣ ድንኳኑና የአባላት መዝገብ ግን በማዕከል ይሁን አልሁ። ጋሽ ታደሰ ረቂቁን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አንብበው ሲጨርሱ ፊታቸው በራ።

«ጥሩ ነው፤ በጣም ጥሩ ነው። ሦስቱንም እሞክራቸዋለሁ» አሉኝ።

ሦስቱ ለሦስት የተለያዩ ወገኖች መሆናቸውን ለማስረዳት አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። በመጨረሻ «ይሁን፤ መቼስ የሚከሰኝ አይኖርም» ብለው ተስማሙ። ደንቡ በእጅ ማውጣት ጸደቀ። አንድ አባል ብቻ «አሜሪካ እድር አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ፤ እኅቱ እዚያ ያለች ሌላ አባል «አለ፣ ግን ሰው አይገኝበትም» ብሎ መለሰለት። ክርክሩ ይኸው ነበር።

የደንቡ አንቀጽ አሥራ አንድ ከአሮጌው ደንብ የተወረሰ ነው፦ በተከታታይ ሦስት ቀብር ላይ ያለ በቂ ምክንያት በስም ጥሪ ያልተገኘ አባል ይሰረዛል። እንደምታውቁት በእኛ አገር ሬሳው አፈር ከለበሰ በኋላ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል፤ ለቀስተኛው «አቤት» እያለ መቅበሩን ያስመዘግባል። ሐዘንን በስም ጥሪ የሚቆጣጠር ሌላ ሕዝብ ይኖር እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን አልነቅፈውም፤ ሰው ለሰው መቆሙ በጽሑፍ ቢገኝ ክፋት የለውም።

አልጋነሽ የምትባል የአራብሳ ምድብ አባል ሦስት ጊዜ ሳትገኝ ቀረች። አልጋነሽ ሃያ ሁለት አካባቢ በአንድ ዳቦ ቤት የምድጃ ኃላፊ ናት፤ ጎሕ ሳይቀድ ገብታ ዘጠኝ ሰዓት ትወጣለች። ቀብር ደግሞ ስድስት ሰዓት ነው። ሦስቱም ጊዜ ከሥራ እንደ ወጣች ትኩስ ዳቦ ተሸክማ ለቅሶ ቤት ደርሳለች፤ ውኃ ቀድታለች፣ ዕቃ አጥባለች። መዝገቡ ግን ስለ ዳቦ አያውቅም። ጋሽ ታደሰ ቀዩን እስክሪብቶ አውጥተው ስሟን ሰረዙት። ለምን እንደ ቀረች አልጠየቋትም።

ነገሩ ለእርሷ የአንድ ስም መሰረዝ አልነበረም። እናቷ እማማ ለምለም አልጋ ከያዙ ከርመዋል። የእድሩ መሥራች አባል ነበሩ፤ ሲደክሙ ደብተሩን ለልጃቸው አወረሱ። ከዚህ ዓለም የቀራቸው ልመና አንድ ነው፤ «የቀበርኋቸው ሰዎች ይቅበሩኝ።» የቀበሯቸው ሊቀብሯቸው እንደማይችሉ ብነግራቸውም ይስቃሉ እንጂ አይሰሙኝም፤ ልጆቻቸውን ማለታቸው ነው። እንግዲህ ልጅቱ ከመዝገብ ወጣች ማለት እናቲቱ ያለ ድንኳን፣ ያለ ሬሳ ሳጥን አጀብ፣ እንደ መንገደኛ ሊቀበሩ ነው ማለት ነው።

አልጋነሽ ደብተሯን ይዛ ቤቴ መጣች።

«ጋሼ፣ ይህን ደንብ የጻፉት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«ነኝ።»

«"በቂ ምክንያት" ይላል። በቂ መሆኑን የሚያውቀው ማነው?»

ሕገ መንግሥት አጥንቻለሁ የሚል ሰው ሁሉ ዕድሜውን የፈጀበትን ጥያቄ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ በሬ ላይ ቆማ ጠየቀችኝ። «ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ማመልከቻ ጻፊ» አልኋት።

የአራብሳ ምድብ ሰብሳቢ በበኩሉ ነገሩን ሲሰማ ደም ሥሩ ተገተረ። ከአራብሳ ለቀብር መድረስ ስንት ትራንስፖርት እንደሚጠይቅ ሰሚት የተቀመጠ ሰው አያውቅም፤ የእኛን አባል የምንሰርዘው እኛ ነን፤ ከምድቡ አልተሰረዘችም ብሎ በደብዳቤ አሳወቀ። ጋሽ ታደሰም ከማዕከል ተሰርዛለች ብለው በደብዳቤ መለሱ። እኔ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አድርጌ ከደንቡ ጋር ሳመሳክር ሁለቱም ትክክል ሆነው አገኘኋቸው። ወንበርና ድስት የምድቡ ነው፤ ድንኳን የማዕከሉ ነው። ስለዚህ አልጋነሽ ሐዘን ቢደርስባት ለቀስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ወጡም በእድሩ ድስት ተሠርቶ፣ ከላይ ግን ፀሐይ ሊያርፍበት ነው። ይህን ለጋሽ ታደሰ ባስረዳቸው ተቆጡ። «አንተ ሰው፣ ይኼ ደንብ ነው ወይስ እንቆቅልሽ?» አሉኝ። አሜሪካ እንዲህ እንደሚሠራ ነገርኋቸው። «ታዲያ እንዴት ታላቅ አገር ሆነ?» አሉ።

የሽማግሌዎቹ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰየመ። ሦስቱ ልብስ ሰፊው ጋሽ ወልዴ፣ ጡረተኛው መምህር ካሣና አትክልት ቤት ያላቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። እኔ በኮንዶሚኒየሙ የጋራ አዳራሽ ጠረጴዛውን አስተካክዬ፣ አቤቱታውን ሦስት ቅጂ አባዝቼ፣ በልቤ ታላቅ ቀን ነው እያልሁ ነበር። ጋሽ ወልዴ ጸሎት አደረሱ። ከዚያም አቤቱታውን ሳይገልጡ ወደ ሁለቱ ዞረው፣

«ለመሆኑ ከመቼ ጀምሮ ነው የተኳረፋችሁት?» አሉ።

ወገኖቼ፣ በዚያች ቅጽበት የሦስት ወር ድካሜ ውኃ በላው። ፍርድ ይሰጣሉ ብዬ ያስቀመጥኋቸው ሰዎች ሊያስታርቁ ተቀምጠዋል! ደግሞ አይፈረድባቸውም። ሽማግሌ ሆኖ መቀመጥ ማለት ለእነርሱ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ማስታረቅ ማለት ነው፤ «አንተ ጥፋተኛ ነህ» ብሎ ከመንገር «አንተም ተው፣ አንቺም ተይ» ማለት ይቀላል። ዕርቁ በሩብ ሰዓት ተሰናዳ። አልጋነሽ ጥፋቴ ነው ትበል፤ ጋሽ ታደሰም በአባትነታቸው ይማሯት፤ ስሟ ይመለስ፤ ይሳሳሙ። ጋሽ ታደሰ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ከወንበራቸው ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ከኋላ አንዲት ሴት እልልታ ጀመረች።

አልጋነሽ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«እኔ ከጋሽ ታደሰ ጋር አልተጣላሁም» አለች። «እወዳቸዋለሁ፤ አባቴን የቀበሩት እሳቸው ናቸው። ይቅርታ በይ አላችሁኝ፤ በምን ጥፋቴ? ምሕረት የሚሰጠው ላጠፋ ነው። ዛሬ በምሕረት ከገባሁ ነገ ደስ ባላቸው ቀን ያስወጡኛል። በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች። እባካችሁ ፍረዱብኝ፣ ወይም ፍረዱልኝ!»

ጋሽ ታደሰ የተዘረጉት እጆቻቸው የት እንደሚያርፉ ጠፍቷቸው ኮታቸውን ማስተካከል ጀመሩ። መምህር ካሣ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «"በዕርቅ ተፈጸመ" ብለህ ቃለ ጉባኤውን ዝጋው፤ በኋላ እናሳምናታለን» አሉኝ።

«አልጽፍም» አልሁ።

«ምን አልህ?» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ጸሐፊ አይደለህም እንዴ? የታዘዝኸውን ጻፍ!»

«የሆነውን ነው የምጽፈው። የሆነው ደግሞ ይህ ነው፤ "ሽማግሌዎቹ ፍርድ ተጠይቀው እስካሁን አልመለሱም።"» ይህንኑ ጮክ ብዬ እያነበብሁ ጻፍሁት። ከኋላ አንዱ «እሱንም ሰርዙት!» ሲል ሰማሁ፤ እናቴን በዚህ እድር ነው የቀበርሁት፤ እኔም በሌላ መቀበር አልፈልግም። ቢሆንም እስክሪብቶውን አላነሣሁም።

የአልጋነሽን ነገር ይበልጥ የተረዱት እትዬ ዘነበች ሆኑ። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መታ አድርገው «እውነቷን እኮ ነው! እኔ ሚዛን ላይ ቲማቲም አስቀምጬ "ታረቁ" አልልም። ወረቀቱን ስጡኝ» አሉ። ወረቀቱ ተነበበ፤ ክርክር ተሰማ፤ ቀጠሮ ተሰጠ። በሁለተኛው እሑድ ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፍርድ ወጣ፦ በቂ ምክንያት መኖር አለመኖሩ ሳይጠየቅ ስሟ መሰረዙ ከደንቡ ውጭ ነውና ስሟ ወደ መዝገቡ ይመለስ። በልዩነት የወጡት መምህር ካሣ ነበሩ፤ የልዩነት አሳባቸውን ከፍርዱ ረዘም አድርገው ጻፉ።

ጋሽ ታደሰ ፍርዱን በአክብሮት ቆመው አዳመጡ። ከዚያም እንዲህ አሉ፦ «እናንተ ፈርዳችኋል፤ እጅ እነሣለሁ። መዝገቡን የማስተካክለው ግን እኔ ነኝ። ቀዩ እስክሪብቶ እኔ ዘንድ ነው፤ የድንኳኑም ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ጊዜ ሲኖረኝ አየዋለሁ።»

መጽሐፍ ውስጥ ያለች አንዲት ጎዶሎ ይኸውና አዳራሻችን ውስጥ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አሜሪካም ቢሆን ፍርድ ቤቱ ወታደር የለው፣ ካዝና የለው፤ ፍርዱን ይዞ መንገድ የሚወጣለት አስፈጻሚው ነው። አስፈጻሚው ጊዜ የለኝም ካለስ? ጠቅላላ ጉባኤውን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማንቀሳቀስ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የእኛ አባላት ሁለት ሦስተኛ ሆነው የሚሰበሰቡት በሬ በሚታረድበት የእድሩ ዓመታዊ በዓል ብቻ ነው፤ እርሱም ገና ሩቅ ነበር። እማማ ለምለም ደግሞ ምግብ መቀበል አቁመው ነበር።

በዚያው ሳምንት የጋሽ ታደሰ ታናሽ ወንድም ዐረፉ።

ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነበር። አልጋነሽን ከሰዎች መካከል ሳያት ዱቄት ከክንዷ ላይ በቅጡ አልተራገፈም ነበር፤ ምድጃውን ለሌላ ሰው አስረክባ፣ ከሃያ ሁለት በሦስት ታክሲ ደርሳለች። አፈሩ ተመለሰ፤ መዝገቡን ገለጥሁ። ስሟ ቀዩን መስመር እንደ ተሸከመ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ጸሐፊው የሚጠራው ዳኛው ባጸደቁት መዝገብ ላይ ያለውን ስም ብቻ ነው። አንቀጹን የጻፍሁት እኔ ነኝ። አውቃለሁ።

ጠራኋት።

«አቤት!» አለች።

ጋሽ ታደሰ ከወንድማቸው መቃብር ላይ ቀና አሉ። መጀመሪያ እርሷን፣ ቀጥሎ እኔን አዩን። ቀጣዩን ስም ጠራሁ።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ መዝገቡን ይዤ እንድመጣ ላኩብኝ። ቀዩን እስክሪብቶ ሳይሆን ሰማያዊውን አውጥተው «ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉ። «"በፍርድ ተመለሰች"» አልኋቸው። «"በምሕረት" ቢሆን ምናለበት? ወንድሜን ቀብራለች እኮ፤ ምሕረት ይገባታል።» «ምሕረት አልጠየቀችም፣ ጋሽ ታደሰ።» ከዚያ እንደ ግምጃ ቤት ሰነድ አጥርተው «በፍርድ ተመለሰች» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙ፤ ቀኑን አኖሩበት። እስክሪብቶውን ኪሳቸው እየከተቱ «እሷ ገብታለች። አንተን ግን አልለቅህም» አሉኝ።

በማግሥቱ ከሰሱኝ። በዳኛው ባልጸደቀ መዝገብ ስም በመጥራት ጸሐፊው ከሥልጣኑ አልፏል! ጠበቃ ቢያቆሙ እንኳ ከዚህ የተሻለ አይጽፍላቸውም ነበር። በሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቤ ሕሊናዬን፣ ፍትሕን፣ የእማማ ለምለምን ሁኔታ ሁሉ ጠቀስሁ። እትዬ ዘነበች በጥሞና አዳምጠው «ፍርዱን የማስፈጸም ሥራ የማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «የዳኛው» አልሁ። «ታዲያ አንተን ማን ሾመህ?» አሉኝ። ሦስት ለዜሮ ተፈረደብኝ። ቅጣቱን የሚወስነው አንቀጽ፣ ሳረቅቀው በልቤ ጋሽ ታደሰን እያሰብሁ የጻፍሁት ነው፦ ከሥልጣኑ ያለፈ የእድር ሹም በሦስት ለቅሶ ላይ የእድሩን ድስት ያጥባል።

ጋሽ ታደሰ ፍርዱ እንደ ተነበበ ተነሡ። ደንቡ ለዳኛው ምሕረት የማድረግ ሥልጣን ይሰጣል፤ ምሬሃለሁ አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በእውነተኛ ርኅራኄ። ባለቤቴ ከኋላ ሆና «ተቀበል!» ስትል ሰማኋት። እኔ ግን ጥፋቴ በሕግ የተመዘነ ሰው ነኝ፤ ቅጣቱንም በሕግ እንጂ በቸርነት መጨረስ አልፈልግም። አመስግኜ እምቢ አልሁ። ባለቤቴ ይህ ኩራት ነው ትላለች። ሊሆን ይችላል።

እማማ ለምለም በሁዳዴው አጋማሽ በድንኳን ሥር ተለቀሰላቸው፤ ሦስት መቶ ሜትር የሚረዝም ሕዝብ አጅቦ ቀበራቸው፤ ልጃቸውም ስሟ ከነሙሉ ክብሩ ሲጠራ ሰማች። በዚያ ለቅሶ ላይ እጅጌዬን ጠቅልዬ፣ አራብሳ በሚገኘው ቧንቧ ሥር፣ ሰው የሚያክል ድስት ውስጥ ግማሽ አካሌን አስገብቼ ስፍቅ የዋልሁት እኔ ነበርሁ። ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። አልጋነሽ ልታግዘኝ ብትመጣ ሐዘንተኛ ዕቃ አያጥብም ብዬ መለስኋት።

ወደ አመሻሹ ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡ፤ አስፈጻሚ ናቸውና ፍርዱ መፈጸሙን ሊያረጋግጡ። ጎንበስ ብለው አንዱን ድስት በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና ጥቀርሻውን አሳዩኝ።

«ይኼ ታጠበ ይባላል?»

ወገቤን ይዤ ቀና አልሁ። «አንቀጹ "ያጥባል" ነው የሚለው እንጂ "ያብረቀርቃል" አይልም። የማይስማሙ ከሆነ ሽማግሌዎቹ አሉ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀጠሮ አለን። ድስቱ በማስረጃነት ይቀርባል።